ሻወር ከመግዛታችሁ በፊት ባልዲ ያዙ

ይህን የምጽፈው ቤት እየሠራችሁ ወይም መታጠቢያ ቤት እያደሳችሁ ላላችሁ ነው። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኛ እዚህ ሐዋሳ በአንድ ሻወር ምክንያት ብዙ ብር አጥፍተናል። ቤታችን ሊቃጠል ለጥቂት ነው የተረፈው። እናቴም ክንዷን ተቃጥላለች። ቀድሞ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር።

ታቦር ተራራ ግርጌ ወደሠራናት ቤት የገባነው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት አላት። እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በብረት ማማ ላይ ሰቀልን። ማማው ሦስት ሜትር ነው። በእኛ ሰፈር የመንገዱ (የከተማው መስመር) ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ ሲጠፋ ከሮቶው እንጠቀማለን። ለሙቅ ውሃ ደግሞ ባለ 50 ሊትር ቦይለር አስገጠምን። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን።

ጣጣው የመጣው በሻወሩ ነው። ከባለቤቴ ጋር አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አድረን ነበር። እዚያ ያለው ሻወር ሰፊ ነው፣ ከላይ እንደ ክረምት ዝናብ ያወርደዋል። ልቤ እዚያ ቀረ። አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ ገብቼ ተመሳሳዩን ገዛሁ። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አራት ማዕዘን፣ የሚያብረቀርቅ። ስለ ዋጋው ተከራከርኩ፣ ስለ ቀለሙ ጠየቅሁ። ስለ ውሃው አንድም ነገር አልጠየቅሁም።

ተገጥሞ ሲያልቅ ከፈትኩት። ከመሃሉ ሦስት አራት ቀጫጭን ክር ወረደ። ከዳር ዳሩ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ ቆሜ ግማሽ ፀጉሬ ሳይረጥብ ቆየ። የገጠመው ልጅ ቀና ብሎ አየና «ግፊት የለውም እኮ» አለኝ። መፍትሔም ነገረኝ፤ ቀዝቃዛውን ከሮቶው ማምጣት ትተን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር እንሳበው። የመንገዱ ውሃ ሲመጣ ኃይለኛ ነው፣ እውነቱን ነው። እሺ አልነው። ግድግዳው ተቦርቡሮ አዲስ ቧንቧ ገባ።

አሁን ሳስበው ትልቁ ስህተታችን ይሄ ነበር። ቀዝቃዛው በመንገዱ ግፊት ይመጣል። ሙቁ ደግሞ ከሮቶው በቦይለሩ በኩል በራሱ ክብደት ብቻ ይወርዳል። ሁለቱ ሚክሰሩ ውስጥ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ ውስጥ) ሲገናኙ ጉልበተኛው ደካማውን ይገፋዋል። ቀዝቃዛውን በትንሹ ከፈት ስታደርጉ ሙቁ ጭራሽ ይጠፋል። ዘጋ ስታደርጉ ያቃጥላል። ለብ ያለውን ቦታ በጣት ጫፍ መፈለግ ነው። አንዴ ካገኛችሁት በኋላ ደግሞ ጎረቤት ቧንቧ ከከፈተ እንደገና ይለወጣል።

በዚህ ሁኔታ ወራት ቆየን። ከዚያ ነፍሰ ጡር ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት በዚያ ሻወር መታገል ስላቃተኝ አንድ ባለሱቅ የመከረንን ገዛን። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ውሃውን እያለፈ የሚያሞቅ ትንሽ ሳጥን ነው። ኢንስታንት ይሉታል። 5.5 ኪሎዋት የሚል ተጽፎበታል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አልገባንም ነበር።

አሁን ገብቶኛልና ልንገራችሁ። 5.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ብዙውን ጊዜ ለሶኬት የሚዘረጋው ገመድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ብሬከሩም 16 ወይም 20 አምፔር ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በዚያ መስመር ላይ መሰካት ገመዱን በማይችለው ሸክም መፈተን ነው። የእኛም ብሬከር ሦስት አራት ደቂቃ እየቆየ ይወርድ ጀመር። ብሬከሩ ልክ ነበር፣ እየጠበቀን ነበር። እኛ ግን አንድ ሰው ጠርተን በባለ 32 አምፔር አስቀየርነው። ገመዱን አልነካውም። ብሬከሩ መውረድ አቆመ። ደስ አለን።

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ባለቤቴ እየታጠበ እያለ ኮሪደሩ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። እጄን ግድግዳው ላይ፣ ገመዱ በሚያልፍበት በኩል ሳሳርፍ ይሞቃል። ግድግዳው ነው የሚሞቀው። ሮጬ ቆጣሪው ጋ ሄድኩና አጠፋሁት። በማግስቱ ሲከፈት የገመዱ ሽፋን ቀልጦ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። አንዲት ሌሊት አልፈን ብንተኛ ኖሮ ምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለዚህ ኢንስታንት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጥሩና ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ለብቻው አዲስ መስመር አስዘርጉ። ለዚህ መጠን 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ጠይቁ። የቤታችሁ ዋና መስመር ያንን መሸከም ይችል እንደሆነ አብሮ ይታይ። ኧርዝ (ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ) የግድ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከርም ይግባበት። ብሬከር ሲወርድባችሁ ደግሞ ለምን ወረደ ብላችሁ ጠይቁ እንጂ በትልቅ አትተኩት።

ሌላም አለ። ይህ ዕቃ ውስጡ ያለው ማብሪያ የሚሠራው ውሃው በቂ ጉልበት ሲኖረው ነው። ከሮቶ በቀስታ ለሚወርድ ውሃ ብዙ ጊዜ አይበራም። የእኛ የሚሠራው የመንገዱ ውሃ ሲኖር ብቻ ነበር። ቢበራም የሚያሞቀው በልክ ነው። 5.5 ኪሎዋት በደቂቃ 4 ሊትር ውሃን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ አያልፍም። ውሃውን ስታበዙት ይቀዘቅዛል። ለሰፊ የዝናብ ሻወር የሚሆን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምንም የለም። ቦይለር ግን መብራት ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ኢንስታንቱን ነቅለን ወደ ቦይለሩ ተመለስን። ሚክሰሩ ያው ነው፣ ሁለቱ መስመሮችም ያው ናቸው። ውሃው ቶሎ እንዳያልቅብን ብለን የቦይለሩን ሙቀት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገነው ነበር።

ነሐሴ 2016 ላይ ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ ከይርጋለም መጣች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዱካ ላይ አስቀምጣኝ ወገቤን እያጠበችኝ ነበር። ልጄ ሳሎን ተኝታለች። እማዬ እንደ ልማዷ በእጇ ለክታ ውሃውን ለብ አድርጋዋለች። ድንገት ቧንቧው ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው አንዴ አጓራ። የመንገዱ ውሃ ሄደ። ቀዝቃዛው ሲቋረጥ ከላይ የቀረው ከቦይለሩ የሚወርደው ብቻ ነው። እኔ ገና ሳይገባኝ እማዬ ክንዷን በጀርባዬና በውሃው መካከል አስገባች። በሌላ እጇ ሚክሰሩን እየዳበሰች ዘጋችው። ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም። «ልጅቷ አትደንግጥ» ነው ያለችኝ።

60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳን በጥቂት ሴኮንድ ያቃጥላል። የእኛ ከዚያም በላይ ነበር። ለሕፃንና ለአዛውንት ቆዳ ጊዜው ከዚያም ያጥራል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል ያዙት። ውሃ ከጠፋ ከጀሪካን እየቀዳችሁ አፍስሱበት፤ እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው። በረዶ አይሆንም። አንዷ ጎረቤታችን በቅንነት የጥርስ ሳሙና ይዛ መጥታ ነበር። የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አትቀቡ። አቁስሎ ውሃ ከቋጠረ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእማዬ በሦስት ሳምንት ዳነ፣ ጠባሳው ግን ዛሬም ከክንዷ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቴ በሰው በሰው አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ቧንቧ ሠራተኛ ያገኘው። ጋሼ ሲመጡ ሻወሩን እንኳ አላዩትም። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ቆመው ሮቶውን አዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ውሃሽ ከየት ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ጠየቁኝ፣ ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት ያዙ።

ከሮቶው የሚመጣው ሙቁ ውሃ በዝናብ ሻወሩ በኩል ባልዲውን ለመሙላት አራት ደቂቃ ፈጀበት። በደቂቃ 2 ሊትር ተኩል ማለት ነው። ቀጥለው የሻወሩን ራስ በእጃቸው ፈትተው አወረዱትና ባዶውን ቧንቧ ከፈቱ። ባልዲው ከደቂቃ ከሩብ ባልበለጠ ጊዜ ሞላ። በደቂቃ 8 ሊትር። ያው ሮቶ፣ ያው ቧንቧ፣ ያው ቦይለር። «አየሽ፣ ውሃ አለሽ። ያነቀው ይሄ ነው» አሉና ያንን የሚያብረቀርቅ ዕቃ መሬት ላይ አኖሩት።

ካርቶኑ ገና ዕቃ ቤት ነበር። አምጥተን አነበብነው። ከጎኑ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ቢያንስ 1 ባር ይፈልጋል ይላል። ባር የግፊት መለኪያ ነው። ጋሼ ሒሳቡን መሬት ላይ በጣታቸው እየጻፉ አስረዱኝ። ውሃ በራሱ ሲወርድ በየአንድ ሜትር ከፍታ የሚያገኘው ግፊት 0.1 ባር ያህል ነው። አንድ ባር ለማግኘት ሮቶው ከሻወሩ ራስ አሥር ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የእኛ ማማ ሦስት ሜትር፣ የሻወሩ ራስ ደግሞ ሁለት ሜትር ከሃያ ላይ ነው። ሮቶው ሙሉ ሲሆን እንኳ ልዩነቱ ሦስት ሜትር አይሞላም። የሮቶው ስፋት ምንም አይጨምርም፣ ከፍታው ብቻ ነው ዋጋ ያለው። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያንን ጽሑፍ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ብዬ ስንቴ እንዳሰብኩ።

ባለቤቴ ማማውን ከፍ እናድርገው አለ። ጋሼ አልተስማሙም። 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። መሠረቱ ለዚያ ካልተሠራ ብረት መቀጠል አደጋ ነው አሉ። ልክ ናቸው። ማማ ገና ያልሠራችሁ ግን ከአሁኑ ከፍ አድርጋችሁ፣ ለክብደቱ በሚሆን መሠረት ላይ አሠሩት። በኋላ ከምታወጡት ያንሳል።

የሠሩልን ሥራ ቀላል ነበር። ቀዝቃዛውን ከመንገዱ መስመር ቆርጠው እንደገና ከሮቶው አመጡት። አሁን ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ሮቶ፣ በእኩል ግፊት ይወርዳሉ። ሮቶው ቢያልቅ ሁለቱም አብረው ይደክማሉ እንጂ ሙቁ ብቻውን አይቀርም። ከሮቶው የሚወርደውን ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በባለ 25 ቀየሩት፣ ክርኖቹን (መታጠፊያዎቹን) ቀነሱ። በየመታጠፊያው ግፊት ይጠፋል፤ ጉልበት ለሌለው ውሃ እያንዳንዱ ክርን ዋጋ አለው። ሻወሩን በእጅ በሚያዝ፣ ቀዳዳዎቹ ሰፋ ባሉ ተራ ሻወር ተኩት። ውስጡ ውሃ ለመቆጠብ የተገጠመች ቀዳዳዋ ጠባብ ፕላስቲክ ነበረች፣ አወጧት። ባልዲውን እንደገና ለካነው። በደቂቃ 6 ሊትር። ገላ ለመታጠብ ከበቂ በላይ ነው። ይህ ሻወር የዝናቡን ዋጋ ሩብ እንኳ አልፈጀም።

የቦይለሩንም ነገር ያኔ ነው የተረዳሁት። 50 ሊትር ውሃ 60 ዲግሪ ላይ ካለ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 80 ሊትር ያህል ለገላ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ይወጣዋል። በደቂቃ 12 ሊትር የሚጠጣ ሻወር ያንን ከሰባት ደቂቃ በታች ይጨርሰዋል። በ6 ሊትር ግን 13 ደቂቃ ታገኛላችሁ። ሁለት ሰው ተራ በተራ ይታጠባል። የዝናብ ሻወር ግፊት ቢያገኝ እንኳ ለ50 ሊትር ቦይለር አይሆንም፤ ቢያንስ 80 ወይም 100 ሊትር ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ካለቀ ደግሞ 1.5 ኪሎዋት ያለው ቦይለር እንደገና ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። እኛ አሁን 60 ላይ አድርገነዋል። ለልጃችን መታጠቢያ ሁልጊዜ ሳፋ ላይ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ ሙቁን እንጨምራለን፣ በክርናችን እንለካለን።

ዘንድሮ ትንሽ አውቶማቲክ ፓምፕ ጨምረናል። ፓምፕ የምታስገቡ ከሆነ የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከሮቶው በኋላ፣ መስመሩ ለቦይለሩና ለቀዝቃዛው ከመከፈሉ በፊት ይሁን። ቀዝቃዛው ላይ ብቻ ካስገባችሁት የእኛን የድሮ ችግር በገንዘባችሁ ትገዙታላችሁ። ጎን ለጎን ደግሞ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) ያለው ማለፊያ መስመር አሠሩለት። መብራት ሲጠፋ ውሃው በዚያ በኩል በራሱ ይወርዳል። እኛ ይሄ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይጠቅመናል። ከቦይለሩ ሥር ያለችው ሴፍቲ ቫልቭ ስትንጠባጠብ አትድፈኗት። ሥራዋ ነው፣ ውሃው ሲሞቅ የሚጨምረውን ግፊት እያስተነፈሰች ነው። ብዙ ከፈሰሰች ግን አሳዩ።

አንዲት ጎረቤቴ ጣሪያዋ ላይ የመስታወት ቱቦ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ አስገጥማለች። ለሐዋሳ ፀሐይ ግሩም ነገር ነው። ግን እሷም ሻወር ልትገዛ ስትል ያዝኳት። ይህ ዓይነቱ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ታንኩ ክፍት ነው፣ የመንገዱን ግፊት አይችልም፤ ውሃው የሚወርደው በክብደቱ ነው። ስለዚህ እሱም ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሻወር ይፈልጋል። ፀሐይ በበረታ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃው በጣም ስለሚፈላ ያለ ሚክሰር በፍጹም አይሆንም። ቀዝቃዛውም ከአንድ ከፍታ ይምጣ።

ምንም ዓይነት ሻወር ብትገዙ ከጊዜ በኋላ ቀዳዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። በየሁለት በየሦስት ወሩ ፈትታችሁ ማታ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት በድሮ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ቦይለሩ ውስጥ ያለችውን የማግኒዥየም ዘንግም በዓመት አንድ ጊዜ አስከፍታችሁ አሳዩ። ታንኩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ የምትበላው እሷ ናት፤ ስታልቅ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል።

የዝናብ ሻወሩ ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ተቀመጠ። ባለፈው ጥር ወንድሜ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምድር ላይ ያለ ቤት ተከራየና መታጠቢያ ቤቱን ሲያስተካክል ወስዶ ገጠመው። የሕንፃው ሮቶዎች ከአራተኛው ፎቅ በላይ ጣሪያው ላይ ናቸው፣ ከእሱ ሻወር ከአሥር ሜትር በላይ ከፍ ብለው። ቦይለሩም ባለ 80 ሊትር ነው። ሄጄ ከፈትኩት። ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወረደ፣ ልክ ያን ጊዜ ሆቴሉ ውስጥ እንዳየሁት። እማዬ አብራኝ ነበረች። እጇን ከሥሩ ዘርግታ ቆየችና «ለካስ ዕቃው ደህና ነበር» አለች።